ከአዘዞ ካልጋሪ አንድ እንቅልፍ ነው

በማግስቱ ወደ ካናዳ ልሄድ፣ ማታ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። የሚያለቅስ አለ፣ የሚመርቅ አለ፣ መልእክት የሚያስይዝ አለ፤ ጥያቄው ግን የሁሉም አንድ ነው። «የሹ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» እኔ ምን አውቃለሁ! ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብዬ የሰው ቀሚስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከጎንደር የወጣሁት ባሕር ዳር አንዴ ለሠርግ፣ መካነ ብርሃን ደግሞ ሁለቴ ለተዝካር ነው። አውሮፕላን የማውቀው ከአዘዞ ኤርፖርት ተነስቶ በላያችን ሲያልፍ ቀና ብዬ በማየት ብቻ ነበር።

ነገሩን የፈታችው የአባቴ እህት እቴቴ ዘነቡ ናት። እኔን ለመሸኘት ከመካነ ብርሃን፣ ከጃናሞራ ደጋ፣ አንድ ቋጠሮ በሶ ይዛ መጥታ ነበር። «እኔ ከመካነ ብርሃን እዚህ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ በመኪና ስንገላታ ዋልኩ» አለች። «እሱ አገር ቢርቅ ቢርቅ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ምነው እናንተ፣ ልጅቱን የቀበራችኋት አስመሰላችሁት!» ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ብቻ አልሳቁም። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ፣ የመጪውን ዓመት ፋሲካ በጣታቸው ቆጥረው የሚነግሯችሁ ሰው ናቸው። በደንብ ያልተቆጠረ ነገር አይወዱም።

የስድስት ዓመቷ ልጄ ቤዛ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብላ አልነሳም ብላለች። ብንለምናት፣ በከረሜላ ብንደልላት፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ካናዳ ያለው ታላቅ ወንድሜ አዲሱ ደወለና ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አደረግነው።

«ቤዛዬ» አላት «እናትሽ ነገ ከአዘዞ ትነሳለች፣ አንዴ ትተኛለች፣ ስትነቃ ካልጋሪ እኔ ዘንድ ናት። አንድ እንቅልፍ ነው። አንችም በሁለት ዓመት ውስጥ ያችኑ አንድ እንቅልፍ ተኝተሽ ትመጫለሽ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

ወደ እኔ ዞረች። ልጅ የአጎት ቃል አይበቃውም፣ የእናቱን ይፈልጋል። «አንድ ብቻ ነው፣ የኔ እናት» አልኳት። ተነሳችልኝ። እኔም ሻንጣውን ዘጋሁት።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከሱ ነው የመጣው። ቤዛን የወለድኳት ያለ ሠርግ ነው። አባቷ መምህር ነበር፤ እኔ ስድስተኛ ወሬን ሳልጨርስ ተዛወርኩ ብሎ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። የመሪጌታ ልጅ፣ ያውም ደብር ሥር ተወልዳ ያደገች፣ ያለ ባል ስትወልድ ምን እንደሚባል አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አባቴ ግን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነሷትና ሰው እንዳያንጓጥጣት ብለው በራሳቸው ስም አስጠሯት። በእኛ አገር አባት የራቀው ልጅ በአያቱ ስም መጠራቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ በወረቀት እኔ የሻረግ ልሳነወርቅ ነኝ፣ እሷ ደግሞ ቤዛዊት ልሳነወርቅ። ቀበሌ አንዱ ጸሐፊ ወረቀታችንን አይቶ «እህትማማች ናችሁ?» ብሎኝ ስቄ አልፌዋለሁ። ምነው ያን ቀን ባልሳቅሁ ኖሮ!

መንገዱን ልንገራችሁ። ከአዘዞ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት፤ ይህቺ ደህና ናት። አዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ። ከዚያ ሰባት ሰዓት ተኩል በረራ ወደ አንድ የአውሮፓ ከተማ፣ እዚያ ደግሞ አምስት ሰዓት ጥበቃ። እንደገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሠላሳ ሁለት ሰዓት! ወንበሩ ፊት ያለችው ትንሽዬ ስክሪን አውሮፕላኑ የት እንደደረሰ ታሳያለች፤ እኔም እንደ አባቴ የቀረውን ኪሎ ሜትር ስቆጥር አንዴም ዓይኔን ሳልከድን ደረስኩ። ጾም ነበር። አስተናጋጇ «ዶሮ ወይስ ፓስታ?» አለችኝ። ፓስታ ስላት አይብ የተደፋበት ፓስታ አመጣችልኝ። ዳቦውን በውኃ በላሁ።

ካልጋሪ ሻንጣ የሚፈትሸው ሰውዬ የእቴቴ ዘነቡን በሶ አውጥቶ አሸተተው።

«ይሄ ዱቄት ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው፤ የገብስ።»

«ለከብት?»

«ለወንድሜ።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ዱቄቱን አየና አሳለፈኝ። ያኔ አፍሬ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ሰውዬው አልተሳሳተም እላለሁ።

በደረስኩ ማግስት ለቤዛ ደወልኩ። «ተኛሽ?» አለችኝ ገና ሰላም ሳንባባል። «አልተኛሁም» አልኳት። «ሳትተኝ እንዴት ደረስሽ ታዲያ?» አለች። ሳቅሁ፣ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ የወንድሜ ምድር ቤት ውስጥ ስነፋረቅ ዋልኩ።

የመጣሁት የወንድሜን ሁለት ልጆች ልይዝ፣ በሞግዚትነት ፈቃድ ነው። እሱና ሚስቱ ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ይገባሉ። እኔ ልጆቹን አበላለሁ፣ አጥባለሁ፣ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ብርዱን ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ የደባርቅን ብርድ የምትፈሩ ሰዎች፣ የደባርቅ ብርድ እዚህ ቢመጣ ሰው ሸሚዙን አውልቆ ይቀበለው ነበር። ልጆቹን ጫማ፣ ካልሲ፣ ጓንት፣ ኮፍያ አልብሼ ስጨርስ ትንሹ «ሽንቴ መጣ» ይላል። ሁሉንም እንደገና ማውለቅ ነው። እወዳቸዋለሁ ልጆቹን፤ እነሱ ምን አደረጉ። ግን ፀጉራቸውን ባበጠርኩ ቁጥር የኔዋን ፀጉር ማን ያበጥርላት ይሆን እላለሁ።

ሁለት ዓመት ሲሞላኝ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠየቅበት ፎርም መጣ። አዲሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲሞላ አመሸ፤ እኔ ልጆቹን ሳስተኛ ነበር። «የሹ፣ ነይ ፈርሚ» አለኝ። «ቤዛን አስገባሃት?» አልኩት። «ሁላችንም ገብተናል፣ አይዞሽ» አለኝ። ፈረምኩ። ለምን አላነበብሽም የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእናት ልጅ፣ ታላቅ ወንድም የሞላውን ወረቀት ፊቱ ላይ ገልብጦ የሚያነብ ማን አለ? በእኛ ቤት ይሄ ሌባ ነህ ብሎ እንደመስደብ ነው። እናም ሳልሰድበው ቀረሁ።

ከዚያ «በሂደት ላይ ነው» ተጀመረ። የቤዛ ነገር ምን ደረሰ? በሂደት ላይ ነው። ስምንት ዓመቷ፣ በሂደት ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ፣ በሂደት ላይ ነው። ሄደሽ አታያትም ወይ ትሉኛላችሁ። መጀመሪያ አዲሱ «ወረቀቱ ሳያልቅ ከወጣሽ ተመልሰሽ አትገቢም» አለኝ። ወረቀቱ ሲያልቅ ደግሞ «እሷው ልትመጣ ነው፣ ለሁለት ሳምንት ሄደሽ ከምታስለቅሻት ጠብቂ» አለኝ። ጠበቅሁ። መንገድ ሲዘጋ ጠበቅሁ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ጠበቅሁ።

ኢንተርኔት ላይ አንድ ገጽ አለ፤ የሁለት ኤርፖርት ስም ትጽፉለታላችሁ፣ እሱ በመካከላቸው ያለውን ርቀትና የበረራውን ሰዓት ይነግራችኋል። ከጎንደር ካልጋሪ ብዬ ጻፍኩለት። አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር፣ አሥራ አምስት ሰዓት ገደማ አለኝ። የትኛው አውሮፕላን ነው ከአዘዞ ተነስቶ ሳያርፍ ካልጋሪ የሚገባው? የለም። ገጹ ሰማይ ላይ አንድ መስመር አስምሮ ማረፊያውን፣ ጥበቃውን፣ ፍተሻውን ሳይቆጥር ነው የሚያወራው፤ ልክ እንደ ወንድሜ። እኔ ግን በየቀኑ እከፍተዋለሁ። ቁጥሩ አይለወጥም፣ ያው ይቀንስ እንደሆነ ብዬ ነው።

ፈቃዴ ከተሰጠኝ በኋላ የራሴን ቤት ተከራየሁ። አከራዬ ሽማግሌ ነው፣ ወሬ ይወዳል።

«ለብቻሽ ሁለት መኝታ ምን ያደርግልሻል?»

«ለብቻዬ አይደለሁም፣ ልጄ አለች።»

«የታለች?»

«መንገድ ላይ ናት።»

«መቼ ትደርሳለች?»

«ቅርብ ናት» አልኩት። አንድ እንቅልፍ ልለው አማረኝና ተውኩት። ለቤዛ አልጋ ገዛሁ፣ የአበባ ሥዕል ያለው አንሶላ በእጄ ሰፋሁላት። ዓመት ሲሞላ አከራዬ የውኃ ቧንቧ ሊያይ መጣና ያልተነካውን አልጋ አየ። «ይቺ ልጅ መንገድ ጠፍቷት ይሆን?» አለኝ። ቀልዱን ነው፣ ክፋት የለውም። ከሄደ በኋላ ግን አንሶላውን ከአልጋው ላይ ገፍፌ እንደ አዲስ አጠብኩት፣ ማን እንደተኛበት እንጃ።

በዚያ ሳምንት ወንድሜን ሳላማክር ስደተኞችን ወደሚረዳ አንድ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሴትዮ ገር ናት። ፋይሌን ከኮምፒውተሩ አውጥታ አነበበችና መነጽሯን አወለቀች። እኛ አገርም ሐኪም መነጽሩን ሲያወልቅ ደግ ነገር አይናገርም።

«ልጅ አለኝ ነው ያልሽው?»

«አዎ። ቤዛዊት ልሳነወርቅ።»

«እሷማ አለች» አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ልጅ በሚለው ሥር፣ የለም። እህት በሚለው ሥር፣ ቤዛዊት ልሳነወርቅ። ከታች ፊርማዬ። ያማረ ፊርማ ነው፣ ቸኩዬ አልፈረምኩትም።

«ስህተት ነው። ልጄ ናት። ደሜን ውሰዱ፣ የሷንም ውሰዱ፣ መርምሩን።»

«የኔ እህት፣ ልጅሽ መሆኗን እኛ አልተጠራጠርንም» አለችኝ ቀስ ብላ። «የለኝም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ሕጉን አስረዳችኝ። መጀመሪያ ፎርሙ ላይ ሳይጠቀስ የቀረ ልጅ ኋላ በቤተሰብነት ልጥራው ቢሉ አይፈቀድም። በርኅራኄ እንዲታይልኝ ማመልከት እችላለሁ፤ ዓመታት ይፈጃል፣ ተስፋውም የተረጋገጠ አይደለም። «ማነው የሞላልሽ?» አለችኝ። «ወንድሜ» ስላት አንገቷን ነቀነቀች። ያየችው የመጀመሪያዋ እኔ እንዳልሆንኩ ገባኝ። እዚህ ያላችሁ፣ ወደዚህም የምትመጡ፣ ስድብም ይሁን ምንም ይሁን ወረቀታችሁን አንብቡ።

በቀጥታ ወደ አዲሱ ቤት ሄድኩ። ምሳ እየበላ ነበር፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ ፊቱ ቆምኩ።

«ልጅ የላትም ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ?»

ጉርሻውን አላቋረጠም። «በወረቀት እህትሽ ናት እኮ የሹ። እኔ የጨመርኩት ነገር የለም። ስሙን የሰጧት አባባ ናቸው።»

«አባባ ስም ሰጧት እንጂ እናት አልከለከሏትም!»

«ልጅ ናት ካልን የአባቷን ፈቃድ አምጡ ይላሉ። ያንን ሰውዬ ከየት ታመጪው ነበር? ፋይሉ ዓመት ይጓተት ነበር። ለመፍጠን ብዬ ነው።»

«ለመፍጠን! ሦስት ዓመት ሙሉ በሂደት ላይ ነው ስትለኝስ?»

«ሕጉን ያወቅሁት ኋላ ነው። ከዚያ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አንዴ እናስተካክለዋለን እያልኩ...»

አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። እሱ እውነቱን ሲያውቅ ልጆቹ ገና ትንንሾች ነበሩ። ቤዛ አትመጣም ቢለኝ በማግስቱ ሻንጣዬን አንስቼ አዘዞ እንደምወርድ ያውቃል። ታዲያ የሱን ልጆች ማን ይያዝለት? ይህን ፊት ለፊት ነገርኩት። «ለክፋት አስቤ መሰለሽ? ወንድምሽ ነኝ» አለኝና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ብስጭቴ ያኔ ነው ጣራ የነካው፤ የኔን እንባ እንኳ ቀደመኝ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ሞፈሩን ቆርጠው፣ አርሰው፣ አጭደው ሲጨርሱ ነው እኔ ከቤት ብቅ ያልኩት። ትንሹ ልጁ ጫጫታውን ሰምቶ ሮጦ መጣና እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ያሳደግሁት ልጅ ነው፤ አቅፌ ሳምኩት። ከዚያ ወዲህ ያንን ደጃፍ አልረገጥሁም።

ለቤዛ መንገር ቀረ። ጎንደር ኔትወርክ ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ ደግ፣ አልኩ በልቤ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ እነሱ ዘንድ ሲመሽ፣ ስልኩ ጠራ። አባቴ ናቸው ያነሱት። ድምፃቸው ሳስቷል። ባረኩኝና «ስትጠብቅሽ ነበር» ብለው ሰጧት። ቤዛ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አያቷ ጋር ቁጭ ብላ ስትቆጥር ስለምታመሽ ሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ናት።

«መቼ ነው የምመጣ?» አለችኝ። ሁልጊዜም መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይሄን ነው።

«ቤዛዬ፣ ወረቀቱ ላይ ስህተት ተገኘ። ልጅ የላትም ተብሎ ተጽፏል።»

«ማን ነው የጻፈ?»

የአጎቷ ስም ምላሴ ላይ ነበር። ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ስለማመደው ነው የከረምኩት። ግን ያን ማታ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ወደኔ መዞሯ ትዝ አለኝ።

«ፊርማው የኔ ነው» አልኳት።

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ቤዛ፣ ሃሎ» አልኩ። አልተቆረጠም፣ ከኋላዋ የአባቴ ሳል ይሰማኛል።

«እማዬ» አለች በመጨረሻ «እኔና አባባ አስልተነው ነበር። ከጎንደር ካልጋሪ አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ በመምህራችን ስልክ አይተነዋል። ከሄድሽ አምስት ዓመትሽ ነው። ለቀኑ ስናካፍለው፣ ለአንድ ቀን ሰባት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከዚህ ወለቃ መንደር እንደመሄድ ነው፣ ትንሽ ከፍ ቢል ነው።»

«እና?» አልኳት። ገብቶኛል፤ ግን እንዳትጨርሰው ፈለግሁ።

«በእግርሽ ብትመጭ እንኳን ደርሰሽ ነበር።»

«መሐል ላይ ባሕር አለ እኮ፣ የኔ እናት» አልኳት።

«ባሕሩን በመርከብ ትሻገሪያለሽ። እዚያ ላይ እንዲያውም ታርፊያለሽ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየቆጠረች ነው። «አሁን ብትነሽ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ትደርሻለሽ። በይ ተነሽ።»